ወደ ቤዝመንት የሚገባ የከርሰ ምድር ውሃና ነዋሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ክረምቱ ወጥቶ የግቢው መሬት በመስከረም ፀሐይ ከደረቀ በኋላም የቤት የታችኛው ወለል፣ በተለምዶ ቤዝመንት የሚባለው ክፍል፣ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ መሬት የሰረገው ዝናብ የከርሰ ምድር ውሃውን ለሳምንታት ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታና በቡራዩ፣ ተዳፋት ተቆርጦ የተሠሩ ቤቶች ከላይ የሚወርደውን የውስጥ ለውስጥ ውሃ በጀርባ ግድግዳቸው በኩል ይቀበላሉ። በሱሉልታ ሜዳና በአዋሽ ተፋሰስ በምትገኘው ተጂ ችግሩ ሌላ ነው፤ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ጥቁሩ የመረሬ አፈርም ውሃ ቶሎ የማያሳልፍ በመሆኑ ውሃው መሄጃ ያጣል።

ውሃ ወደ ገባበት ክፍል ከመውረድ በፊት የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ አለበት። ዋናው ብሬከር ያለው በዚያው ክፍል ከሆነ ሊነካ አይገባም፤ በ905 ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሎ ከውጭ እንዲቋረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕም ሆነ ጄኔሬተር በምንም ምክንያት ወደ ቤዝመንት መግባት የለበትም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው፤ በርና መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም።

ቀጥሎ የውሃው ምንጭ ይለያል። ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የውሃ ቆጣሪው መዞሩን ከቀጠለ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ መስመር አለ። ሽታ ካለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊጠረጠር ይገባል። ቆጣሪው ቆሞ ውሃው ከወለሉና ከግድግዳው መገጣጠሚያ የሚወጣ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ባለ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ከቤዝመንቱ ወለል ከፍ ብሎ መቆሙን ማየት ጥርጣሬውን ያጠራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውሃውን በአንድ ጊዜ አውጥተው ወለሉን በሲሚንቶ ይለስኑታል። ውጭ ያለው ውሃ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ካለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ቶን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል ክብደት ግን በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ውሃ ይህን ግፊት ይመክታል፤ በድንገት ሲወጣ ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ ግድግዳው ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቀንሶ፣ ከፍታውን በግድግዳው ላይ ምልክት አድርጎ ማደር ይመከራል። ሲነጋ ውሃው ተመልሶ ከፍ ካለ ማውጣቱ ለጊዜው ይቆማል። የሚወጣው ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አይለቀቅም።

ለዘለቄታው ተዳፋት ላይ ባሉ ቤቶች ከጀርባ ግድግዳው ውጭ ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ ቆፍሮ፣ የተበሳሳ ቱቦና ጠጠር አስገብቶ ውሃውን ወደ ታች ማፋሰስ ይቻላል። በሜዳ ላይ ግን ቱቦው የሚያፈስበት ዝቅተኛ ቦታ ስለማይኖር የውሃ መሰብሰቢያ ጉድጓድና ፓምፕ ግድ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል። በተጂ ዓይነት መሬት ላይ ቤዝመንት ከመሥራት ይልቅ ወለልን ከፍ አድርጎ መገንባት ይሻላል።

የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ባለበት ወቅት የሽንት ቤት ፍሳሽ ከውሃ ጉድጓዶች ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ሳይታከም መጠጣት የለበትም።

አዲስ ለሚገነቡ ነዋሪዎች የመሬቱ ምርመራ የሚደረግበት ወቅት ወሳኝ ነው። መሠረት በአብዛኛው የሚቆፈረው በበጋ፣ ውሃው እጅግ በራቀበት ጊዜ በመሆኑ ደረቅ ጉድጓድ ማረጋገጫ አይሆንም። የሙከራ ጉድጓድ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ተቆፍሮ፣ አፉ ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ውሃው የቆመበት ከፍታ ሊለካና ዲዛይኑን ለሚሠራው ባለሙያ ሊሰጥ ይገባል።