«ዘላለማዊ» እና «የማይሻር»፦ የሚና ጨዋታ ባለቤት ማን ነው?



የቃል ሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ጨዋታ ሊናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን እንዳስገረመ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ በደረሱኝ ጥያቄዎች ተረድቻለሁ። ምክንያቴ ግን ከሙያዬ የራቀ አይደለም። «ተረት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ካስተማርሁበት ዘመን ሁሉ ጋር አብሮኝ ኖሯል፤ ይኸው ጥያቄ በ2023 በአሜሪካ የገንዘብና የሕግ ጥያቄ ሆኖ ሲነሣ ተከታተልሁት። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ላሳስብ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ነው፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው «ከወንዙ ማዶ የፈረሰ ግንብ ይታያል፤ በሩ ላይ ዘብ ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ ዘቡን በቃል ሊያታልለው ያስባል፤ ሌላዋ ግንቡን በስተጀርባ ልትወጣው ትወስናለች። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ ከአራት ገጽ እስከ ሃያ ገጽ ያለው። በመጨረሻ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። የሚተርፈው አስቀድሞ ማንም ያልጻፈው ታሪክ ነው። በልጅነታችሁ «ተረት ተረት» ሲባል ከምድጃው ዙሪያ የመለሳችሁ ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ልዩነቱ እዚህ አድማጩ የተረቱን መንገድ ራሱ መለወጥ መቻሉ ነው።

የዘርፉ የመጀመሪያ የታተመ ጨዋታ «ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አሳተሙት፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። መነሻው በትናንሽ ምስሎች የሚካሄድ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። አሳታሚው ድርጅት በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ፤ ይህንንም በ1999 የመጫወቻ ዕቃ አምራቹ ሃዝብሮ ገዛው። ዛሬ በዘርፉ ከሁሉ የሚገዝፈው ይህ አንድ ኩባንያ ነው፤ ከእርሱ በታች ብዙ ትናንሽ አሳታሚዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ባልና ሚስት ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጨዋታው ለነጋዴ የማይመች ጠባይ አለው፤ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው ይበቃል። መጽሐፉን የሚገዛው፣ የሚያነበው፣ ታሪኩን የሚያሰናዳው፣ ብዙ ጊዜም ቤቱን የሚከፍተው መሪው ነው። በታኅሣሥ 2022 የዊዛርድስ ኃላፊ ለባለሀብቶች ሲናገሩ መሪዎቹ ከተጫዋቹ ሃያ በመቶ ያህል ቢሆኑም ከከፋዮቹ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነርሱ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ጨዋታው ሊያስገኝ ከሚችለው ገቢ ያነሰ እያስገኘ ነው የሚል ሐሳብም አከሉ። እንደ ነጋዴ ካየነው ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የመጣው ገቢውን ለመሻት በተመረጠው መንገድ ነው።

በ2000 ኩባንያው የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግጋት ማንም እንዲጠቀምባቸው የሚፈቅድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ሐሳቡ ብልህነት ነበረበት፤ ሌሎች ጀብዱዎችን ቢያሳትሙ ዋናው መጽሐፍ ይበልጥ ይሸጣል። በዚህ ፈቃድ ላይ ተመሥርተው ብዙ አሳታሚዎች ኑሯቸውን ሠሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ፓይዞ በ2009 «ፓዝፋይንደር» የተባለውን ተፎካካሪ ጨዋታ አወጣ። በጥር 2023 ግን የአዲስ ፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። ረቂቁ ከ750,000 ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ ክፍያ ይጠይቃል፤ ኩባንያው የሌሎችን ሥራ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል፤ ከሁሉም በላይ የቀድሞውን ፈቃድ ተቀባይነት ያሳጣል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰው ጆሮውን ያቆማል። የ2000ው ሰነድ ፈቃዱን «ዘላለማዊ» ይለዋል እንጂ «የማይሻር» አይለውም። በዕለት ንግግራችን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ግን አንዱ የጊዜ፣ ሌላው የሥልጣን ቃል ነው። ማብቂያ ቀን ያልተቆረጠለት ነገር ሁሉ ሰጪው መልሶ ሊወስደው አይችልም ማለት አይደለም። ሰነዱ ደግሞ ተጠቃሚው ማናቸውንም «የጸደቀ» የፈቃዱን እትም ሊጠቀም እንደሚችል ይገልጻል፤ የኩባንያው ጠበቆች የያዙት ይህችን ቃል ነው። ማጽደቅ ካለ ማጽደቅን ማንሣትም አለ ማለታቸው ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት መተማመን በአንድ ቅጽል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስላልደረሰ ክርክሩ ሳይፈታ ቀረ።

ደግሞም የሚያስገርመው፣ በአሜሪካ ሕግ የጨዋታ ሕግጋት በቅጂ መብት አይጠበቁም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ አንድ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ በሰጠው ውሳኔ የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ በውስጡ የተብራራውን ዘዴ አይደለም የሚል መሠረት ጥሏል። ታዲያ ፈቃዱ ለምን አስፈለገ? ዘዴው ከአገላለጹ የሚለይበት ድንበር ደብዛዛ ስለሆነና ትንሽ አሳታሚ ድንበሩን ለማስለካት ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ ስለሌለው ነው። የፈቃዱ ጥቅም መብት ከመስጠቱ ይልቅ ፍርሃት ማስወገዱ ነበር። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጠጠር የሚያነሣ ሰው ግን ማንንም አያስፈቅድም። እኛ ያላስተዋልነው ሀብት ይህ ነው።

ምላሹ ፈጣን ነበር። ተጫዋቾች ኩባንያው በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር በገዛው «ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ» በተሰኘው የበይነ መረብ አገልግሎት ላይ የነበራቸውን ምዝገባ መሰረዝ ጀመሩ። ፓይዞና ሌሎች አሳታሚዎች በማንም ኩባንያ እጅ የማይሆን የራሳቸውን ፈቃድ እንደሚያዘጋጁ አስታወቁ። ዊዛርድስ የተሻሻለ ረቂቅ አውጥቶ አስተያየት ሲጠይቅ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱ፤ 88 በመቶዎቹ በዚያ ፈቃድ ማሳተም እንደማይፈልጉ ገለጹ። በጥር 27 ኩባንያው የቀድሞውን ፈቃድ እንዳለ ተወው፤ የሕግጋቱንም ሰነድ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» በተባለው ነጻ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። በዚህ ፈቃድ ውስጥ «የማይሻር» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ሰፍቷል። የብራንደን ሳንደርሰንን ልብ ወለዶች መሠረት ያደረገ አንድ የሚና ጨዋታ በ2024 በኪክስታርተር ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ጨዋታቸውን በቀጥታ ስርጭት በማሳየት የታወቁት የ«ክሪቲካል ሮል» ተዋንያንም በ2025 «ዳገርሃርት» የተባለ የራሳቸውን ጨዋታ አውጥተዋል። መጽሐፍ በዝቷል፤ ተመልካችም በዝቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ሃያ በመቶ ነው። በየከተማው መጫወት የሚሹ ሞልተው መሪ ይታጣል፤ በሰዓት ክፍያ የሚመሩ ሰዎች መታየታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ክፍያውን አልነቅፍም፤ አዝማሪም በነጻ አይዘፍንም። ነገር ግን ሕግ ማስታወስ፣ አምስት ሰው ማዳመጥ፣ ዝም ያለውን ማናገር፣ ባልታሰበ መልስ ላይ ታሪክ መቀጠል ከመጽሐፍ አይገኝም። ተራኪ የሚሠለጥነው ከተራኪ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። መሞከር የምትሹ ደግሞ ከሻይ በኋላ በጎን ባለው ክፍል አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ተዘጋጅቷል። መሪ ስላላገኘን የምመራው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ታገሡኝ።