ከወንዙ ርቆ የሰፈረው ለምንድን ነው?

ድርቅ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፤ ዓባይ፣ ተከዜና በለስ እየፈሰሱ ሕዝቡ ለምን በተራቆተ ደጋ ላይ ይጨናነቃል? ጠያቂዎቹ ውሃውን በሜትር ኩብ፣ መሬቱን በሄክታር ያሰሉና ሰፈራን መፍትሔ ያደርጉታል። ወባን ግን ብዙ ጊዜ አይቆጥሯትም። ክረምቱ ሲወጣ በቆላው የታቆረው ውሃ ትንኝ ያራባል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ትበረታለች። ይህ ደግሞ እህል የሚደርስበት ወቅት ነው። አባወራው በንዳድ ተኝቶ ማሽላውን ወፍ ከጨረሰው፣ የወንዙ ቅርበት ምን ይፈይድለታል? በየሸለቆው አፋፍ የሚኖር ገበሬ ቀን ቆላ ወርዶ ሲያርስ ውሎ ማታ ደጋ ወጥቶ ያድር የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናደፈው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ለቤቱም ቢሆን ሴቶች እንስራ አዝለው የሚመለሱበት ቅርብ ምንጭ ይበቃው ነበር።

ደጋውን ያስመረጠው ዝናቡና አፈሩ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን አፈሩ ታጥቦ ማሳው ከተሸነሸነ በኋላም ብዙው ሰው ቁልቁል ለመውረድ ማመንታቱን ዝናብ ብቻውን አያስረዳም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ 600,000 ያህል ሰው ከሰሜንና ከመሀል አገር ወደ ምዕራብ አዛወረ። በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ የሰፈሩት ውሃ አልቸገራቸውም፤ ሰውነታቸው ያልለመደው ወባ ግን ብዙዎቹን ፈጀ። ባዶ የተባለውም መሬት ጉሙዞች የሚያርሱትና የሚያድኑበት ነበር።

ዛሬ አጎበሩ፣ ርጭቱና መድኃኒቱ አለ ይባላል። ይህ ከባድ መከራከሪያ ነው፤ መተማና ሁመራ ያን ያህል ሰው የሳቡት በከፊል በዚህ ነው። ሆኖም ሰሊጥ ለማጨድ ወርዶ ማሳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አጎበሩን የት ይሰቅለዋል? ታሞ ወደ ደጋ ሲመለስስ ማን ያክመዋል? ይባስ ብሎ ውሃውን ወደ ሰው ስናመጣው ወባም አብራ ትመጣለች። በትግራይ ተጠንቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ በትናንሽ የመስኖ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ግድቦቹ የተሠሩት ለረሃብ መድኅን ተብለው ነው፤ መሠራታቸውንም አልቃወምም። የምቃወመው የቦዩ በጀት ሲጸድቅ የርጭቱና የጤና ኬላው በጀት ለሌላ ዓመት መተላለፉን ነው።