«ሥራ የላትም» ስለምትባለው የኮልፌ ሴት

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ውስጥ አየር ጤና ወይም ዘነበወርቅ ሰፈር ስለ አንዲት እናት «ምን ትሠራለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «የቤት እመቤት ናት፣ ሥራ የላትም» የሚል ነው። ስለ ሴት ሥራ ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ይኼ ነው።

ሥራ የላትም የተባለችው ሴት ሳይነጋ ተነሥታ ምጣዷን በጎመን ዘር ታሰሳለች። አብሲት ጥላ ያሳደረችውን ሊጥ እየቀዳች ትጋግራለች። ከእንጀራው ጥቂቱ ለቤት ይቀራል፣ የቀረው ለምግብ ቤትና ለሱቅ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ትሸጣለች። የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በተስማሙበት ትርጉም፣ ለቤት የጋገረችው ሳይቀር ሥራ ነው፤ ለሽያጭ የጋገረችው ደግሞ ገቢ ያለው ሥራ ተብሎ መቆጠር አለበት። «መሥሪያ ቤት ትገቢያለሽ?» ተብላ ከተጠየቀች ግን መልሷ «የለም» ነው፤ ድካሟም ከነገቢው ከቁጥር ይወጣል።

«ሴት ከማጀት፣ ወንድ ከችሎት» የሚለውን ተረት ለሚያምን፣ ከባድ ሥራ የወንድ ብቻ ነው። የግንባታ ቦታ ገብቶ አሸዋና ሲሚንቶ በባሬላ የሚያመላልሱትን ሴቶች ያስተውል። የቆሻሻ መጣያውን ቆሼንም ያስታውስ፤ ሴቶች ከቆሻሻው ክምር ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ልጅ ያሳደጉበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ የሴት ሥራ ቀላል ነው እንደሚል አይገባኝም።

«ባህል ነው፣ ሕግ አይለውጠውም» የሚሉም አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል እንዲቃወም ይፈቅድ ነበር። አለቃው ባል ሆኖ ሳለ ማን ቤት እንደሚቀር ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን አነሣ፤ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። ለውጡ አስቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ አበባን ጨምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ቻሉ። ሕጉን ቀድመው በተጠቀሙት አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ፣ የተሻለ ሙያ የያዙ ሴቶች ይበልጥ ጨምረው ተገኙ።

ፋብሪካ ሲከፈት ሁሉም በራሱ ይስተካከላል ማለትም የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን፣ ዕድገት በመጀመሪያው ምዕራፍ ያገቡ ሴቶችን ከሥራ ሊያርቅ እንደሚችል ከአሜሪካ ታሪክ አሳይታለች፤ ሥራው ከእርሻና ከቤት ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ልጅ ይዞ መሥራት አይቻልምና። እዚሁ ኢትዮጵያ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን ባደረጉት ጥናት፣ በዕጣ ፋብሪካ ከተቀጠሩት ሥራ ፈላጊዎች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ሥራ ፈላጊዎቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። ደመወዙ በጉሊትና በመሳሰለው ከሚገኘው አልበለጠም፣ ጤናም ይጎዳ ነበር። የለቀቁት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሒሳቡን ያውቁታል።

«ትወልዳለችና መቅጠሩ ኪሳራ ነው» የሚለውን ደግሞ ከአሠሪዎች አፍ ነው የምንሰማው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ክፍያ አለው። ብዙ ዓመት ከምታገለግል ሠራተኛ የሥራ ዕድሜ ላይ ይህ ጥቂት ወር ነው። የሚከብደው ፈቃዱ ሲያልቅ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ሕፃኑን ማን ይያዝ? በአቅራቢያ የሕፃናት ማቆያ ከሌለ፣ አያት ካልደረሰች፣ መልሱ ከገጠር የመጣች ለጋ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች። እናትየዋ ቢሮ የምትገባው ይህች ልጅ ቤት ስለዋለች ነው። ልጅቷን ግን ያው አዋጅ አይሸፍናትም፤ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏቸዋል።