የማኅበር ምስጢርና የጎረቤት ጥርጥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው በሩን በዘጉ ጊዜ፥ በውጭ የቀረው ሰው በውስጥ የሚባለውን ለማወቅ መሻቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። ማወቅ ባልቻለም ጊዜ ያላየውን ከገዛ ልቡ እያወጣ ይሞላዋል። አንዱ «ገንዘብ ይካፈላሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «በሰው ላይ ይመክራሉ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ የሰማውን አንድ አድርጎ ወደ ገበያ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን፤ ይኸውም ክርስቲያናዊ ማኅበር ሊሰውረው የሚገባው ምንድር ነው፤ ሊሰውረው የማይገባውስ ምንድር ነው፤ በውጭ ያለው ጎረቤትስ እንዴት ሊፈርድ ይገባዋል የሚለው ነው።

ነገሩን በቅርብ ከምናውቀው አገር እንጀምር። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱም ጽኑ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰው ብቻውን ሊኖር አይችልም። ቤቱን ለመክደን፥ አዝመራውን ለመሰብሰብ፥ የሞተበትን ለመቅበር የባልንጀራው ክንድ ያስፈልገዋል። በዚህም ምክንያት የጽዋው ማኅበር፥ ሰንበቴው፥ ዕድሩና ደቦው በደገኛው ሰው ኑሮ ውስጥ እንደ ምሰሶና እንደ ማገር ሆነው ቆመዋል።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ለሁላችንም የታወቀ ነው። በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ማኅበርተኞች በተራ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ይጸልያል፥ ዳቦው ይቈረሳል፥ ጠላው ይቀዳል፤ «ሙሴ» ተብሎ የተመረጠው ሰው ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የታመመው ይጠየቃል፤ የተጣላው ይታረቃል። ከአባቶቻችን በወረስነውም ልማድ፥ በማኅበሩ ቀን ከደጅ የቆመ ድኻ የእግዚአብሔር እንግዳ ነውና አይመለስም። ልብ እናድርግ፤ የማኅበር በር ከጥንት ጀምሮ ለድኻ ክፍት ሆኖ የተሠራ በር ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ማኅበር እንኳ ከጥርጥር አያመልጥም። ጥርጥሩም ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ይገባል። አንደኛ፥ በማኅበር ውስጥ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ የተነገረው ቃል ወደ ውጭ አይወጣም፤ በውጭ ያለውም ሰው ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ይጨምርበታል። ሁለተኛ፥ ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ተቀምጦ ዓመቱ ሒሳብ ሳይነገር ያልፋል። ሦስተኛ፥ አባሎቹ ይማማላሉ፤ ስለ ምን እንደ ማሉ ግን ማንም አያውቅም። ከዚህ በኋላ ሐሜቱ ይበረታል፤ አንዳንዱ አባል አፍሮ ይቀራል፤ ማኅበሩም ይፈርሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በሐሜተኛው ላይ አይደለም። ባልዋ የሞተባት ሴት ሐሜቱን ፈርታ ከማኅበርዋ ብትቀር፥ በታመመች ጊዜ ውኃ የሚያቀብላት ማን ነው? የቤትዋ ክዳን ባረጀ ጊዜስ ሣር የሚያመጣላት ማን ነው? ሐሜት በአፍ ላይ ቀላል ነው፤ በድኻ ትከሻ ላይ ግን ከባድ ሸክም ነው።

ይህ ፈተና በእኛ ዘመን አልተጀመረም። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ እ.ኤ.አ. በ111 ዓመት ገደማ፥ ፕሊኒዮስ የተባለ ሮማዊ ሹም በታናሽ እስያ የሚገኘውን የቢታንያን አውራጃ ይገዛ ነበር። በኒቆምድያ ከተማ ታላቅ ቃጠሎ ስለ ደረሰ፥ እሳት የሚያጠፉ 150 ሰዎችን በማኅበር ለማቆም ንጉሠ ነገሥቱን ትራያኖስን ፈቃድ ለመነ። ትራያኖስ ግን ከለከለው፤ በዚያ አገር ማኅበራት ሁከት አስነሥተው ነበርና፥ ሰዎች በማናቸውም ስም ቢሰበሰቡ ጥቂት ቆይተው ሌላ ነገር መምከራቸው አይቀርም ብሎ አስቦ ነው። እነሆ፥ ጥርጥር በልብ ከጸና እሳት የሚያጠፋው ሰው ከእሳቱ ይልቅ ያስፈራል።

ይኸው ሹም በኋላ ክርስቲያኖችን መረመረ። በተወሰነ ቀን ሳይነጋ እንደሚሰበሰቡ፥ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ፥ በመሐላም እንደሚተሳሰሩ ሰማ። መሐላቸው ግን ላለመስረቅ፥ ላለማመንዘር፥ ቃላቸውን ላለማጠፍና የተቀበሉትን አደራ ላለመካድ ነበረ። በአንድነት የሚበሉትም መብል እንደ ማንኛውም ሰው መብል ንጹሕ ነበረ። ሹሙ ሁለት አገልጋዮች የሆኑ ሴቶችን እንኳ አሠቃይቶ ቢጠይቅ ከእምነታቸው በቀር ሌላ ነገር አላገኘባቸውም። ይህም ሁሉ ሆኖ በዚያው መቶ ዓመት አሕዛብ ክርስቲያኖችን የሕፃን ሥጋ ይበላሉ እያሉ ያሟቸው ነበር። እንግዲህ ዛሬ በጎረቤቱ ማኅበር ላይ ያላየውን የሚያወራ ክርስቲያን፥ በገዛ አባቶቹ ላይ የተወራው ወሬ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ያስታውስ።

ነገር ግን በስውር የሚሰበሰብ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በግብረ ሐዋርያት በ23ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ከ40 የሚበዙ ሰዎች ጳውሎስን እስኪገድሉ ድረስ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ተማማሉ። የቢታንያ ክርስቲያኖችም ተማማሉ፥ እነዚህም ተማማሉ፤ ታዲያ ልዩነቱ በምን ላይ ነው? መሐላው በያዘው ነገር ላይ ነው። የፊተኛው መሐላ ሰው ክፉ እንዳይሠራ የገዛ እጁን ያስራል፤ የኋለኛው ግን በባልንጀራው ላይ እጁን እንዲያነሣ ያስገድደዋል። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ያንን ምክር በሰማ ጊዜ ዝም አላለም፤ ገብቶ ለጳውሎስ፥ ከዚያም ለሻለቃው ነገረ፤ በዚህም የሐዋርያው ሕይወት ዳነ። እንግዲህ ክፉ ምክር የሰማ ሰው የማኅበር ምስጢር ነው ብሎ ሊደብቀው አይገባም።

በአውሮፓ የፍሪሜሶን ማኅበር ታሪክም የጥርጥርን ሁለት ገጽ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1717 በለንደን የነበሩ አራት ማኅበራት ተባብረው ታላቅ ሎጅ ያሉትን አቆሙ፤ የመተዋወቂያ ምልክታቸውንና የአቀባበል ሥርዓታቸውንም በመሐላ ይሰውሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1738 የሮማው ጳጳስ ክሌምንጦስ 12ኛ ምእመናኑን ከዚህ ማኅበር ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ የግሪክ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከክርስትና ጋር እንደማይስማማ ገለጸች። እረኛ መንጋው የሚምልበትን ነገር ልወቅ ማለቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1925 የሙሶሊኒ መንግሥት ምስጢራዊ ማኅበራትን የሚያፈርስ ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ ዓላማው እውነትን ወደ ብርሃን ማውጣት አልነበረም፤ ከእርሱ ፈቃድ ውጭ ሰዎች እንዳይመክሩ ነበር እንጂ።

ያ መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ ጥርጥሩ ያደረገውን እናውቃለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከቦምብ ጣዮቹ ጋር መክረዋል ተብለው ተጠረጠሩ፤ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በዚያው የመከራ ዘመን የውስጥ አርበኞች በከተማ ተቀምጠው፥ ስማቸውን ሰውረው፥ በዱር ላሉት አርበኞች ወሬና ስንቅ ያቀብሉ ነበር። የእነርሱን ምስጢር የሚነቅፍ ማን ነው? የሰውን ነፍስ ለማዳን የተያዘ ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንድ መለኪያ እናገኛለን። «ምስጢሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?» ብለን እንጠይቅ። የደካማውን ክብርና ሕይወት የሚጠብቅ ከሆነ ምሕረት ነው። ገንዘብ ያዡን ወይም ክፉ መካሪውን ከጠያቂ የሚጠብቅ ከሆነ ግን በደል ነው። ጌታችን ምጽዋትን በስውር እንድናደርግ አዝዞናል፤ እርሱ ራሱ ግን በሊቀ ካህናቱ ፊት ስለ ትምህርቱ በተጠየቀ ጊዜ በምኵራብና በመቅደስ በግልጥ እንዳስተማረ መለሰ። ቸርነታችን ይሰወር፤ ትምህርታችንና ሥርዓታችን ግን ይገለጥ።

ሐዋርያትም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በኢየሩሳሌም ከግሪክ ወገን የሆኑት መበለቶቻችን ዕለት ዕለት ከሚታደለው ተረሱ የሚል ማንጐራጐር በተነሣ ጊዜ፥ ሐዋርያት አጕረምራሚውን አልረገሙም። ጉባኤውን ሁሉ ጠርተው በመልካም የተመሰከረላቸውን 7 ዲያቆናት አስመረጡ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት አብያተ ክርስቲያናት ከመረጡት ወንድም ጋር ሆነ። ሐዋርያው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ እኛማ እንዴት አንጠነቀቅም?

የጓሳም ሰው ለዚህ ምስክር ይሆነናል። በአገሩ እንደሚነገረው፥ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ያንን ምድር ካቀኑበት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ ዘሮቻቸው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጓሳውን በኅብረት ጠብቀውታል። ሣሩ እንዲያድግ ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ አለቃውን ተጠቃሚው ሕዝብ ይመርጠው ነበር፤ የሚከፈትበትም ቀን በቤተ ክርስቲያንና ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ይነገር ነበር። ምድሩ ዝግ ነበረ፥ ሥርዓቱ ግን ክፍት ነበረ። ሰው ሁሉ መቼ እንደሚታጨድ፥ ማን እንደሚጠብቅ፥ ያጠፋም ምን እንደሚያገኘው ያውቅ ስለ ነበረ፥ ያ ማኅበር ብዙ ትውልድ ዘለቀ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ እንደ ገና በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን አጸና፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸደቀው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ።

እንግዲህ ማኅበርተኞች ሆይ፤ ሕጋችሁን በዓመት አንድ ጊዜ በአባሎች ሁሉና በነፍስ አባታችሁ ፊት አንብቡት። ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ ሒሳቡም በተቈረጠ ቀን በጉባኤ ይነገር። በካህን ፊት ልትደግሙት የምታፍሩበትን መሐላ አታስምሉ። የረዳችሁትን ድኻ ስም፥ ያስታረቃችሁትንም ሰው ነውር ግን እስከ መቃብር ጠብቁ። ይህን ብታደርጉ ሐሜተኛው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ሐቀኛው ጠያቂም መልስ ያገኛል።

እናንተም በውጭ ያላችሁ ጎረቤቶች ሆይ፤ ያላያችሁትን እንዳያችሁ አድርጋችሁ አታውሩ። የምትጠረጥሩት ነገር ቢኖር አስቀድማችሁ ሰውየውን ለብቻው ጠይቁት፤ ባይመልስላችሁ አንድ ወይም ሁለት ሽማግሎች ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያም በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ንገሩ። ጌታችን ያሳየን መንገድ ይህ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ጠያቂ የማኅበሩ ጠላት አይደለም፤ ጠባቂው ነው። መጠየቅ ስትችሉ ዝም ብላችሁ፥ በገበያ ግን የምትናገሩ ከሆነ፥ የምትሰውሩት የእናንተ ነገር ከማኅበርተኞቹ ምስጢር የከፋ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ በሚሰበሰቡበት እገኛለሁ ያለን አምላክ፥ የምናፍርበትን ምክር ከመካከላችን ያርቅ፤ በማኅበራችን ደጅ የሚቆመውን እንግዳ የምንቀበልበትን ልብ ይስጠን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዓለመ ዓለም፤ አሜን።