ርካሽ የጥበቃ ካሜራዎች በጨለማ ምን ያህል ያያሉ?

ለመኖሪያ ቤት ወይም ለሱቅ የጥበቃ ካሜራ የሚገዛ ሰው በዋነኛነት የሚያስበው ሌሊቱን ነው። ካሜራው ለገዢው የሚታየው ግን በቀን ወይም በደማቅ መብራት ሥር በመሆኑ፣ ስለ ሌሊት ብቃቱ የሚታወቀው በማሸጊያው ላይ ከሰፈረው ቁጥር አያልፍም። ንብረት ከጠፋ በኋላ የተቀዳው ምስል ሲከፈት የሰው ቅርጽ ይታያል፤ ፊቱ ግን አይለይም። እንዲህ ያለው ምስል ሰው መግባቱን ቢያረጋግጥም ማንነቱን አይናገርም።

በማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የሜጋፒክስል ብዛት ነው። ይህ ቁጥር ለቀን ምስል የሚጠቅም ቢሆንም ለሌሊት ግን ሊያሳስት ይችላል። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው የካሜራው ክፍል ሴንሰር ይባላል፤ እርሱም ፒክስል በተባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጡ ካሜራዎች ላይ በስፋት የሚገኘው ባለ 1/2.8 ኢንች ሴንሰር ነው። በዚህ ስፋት ላይ 2 ሜጋፒክስል ሲያርፍ የአንዱ ፒክስል ጎን 2.9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ስፋት ላይ 8 ሜጋፒክስል ሲታጨቅ ደግሞ ወደ 1.45 ማይክሮ ሜትር ይወርዳል። ጎኑ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ ሩብ ስለሚሆን እያንዳንዱ ፒክስል የሚያገኘው ብርሃንም ሩብ ብቻ ነው። በቀን ይህ ልዩነት አይታወቅም። ሲመሽ ግን ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ሌላው ጉዳይ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን፣ ይህም ኤፍ በሚል ፊደል ከቁጥር ጋር ይገለጻል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኤፍ 1.0 ከኤፍ 2.0 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዋይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በ20 ዶላር ገደማ ለገበያ ያቀረበው ሦስተኛ ትውልድ ካሜራ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የምስሉ ጥራት መጠን እንደ ቀዳሚው 1080 ሆኖ ሳለ፣ ሌንሱ ከኤፍ 2.0 ወደ ኤፍ 1.6 ተለውጦ ሴንሰሩም ለደብዛዛ ብርሃን በተሠራ ተተካ። ከሌንሱ ብቻ የተገኘው የብርሃን ጭማሪ ከግማሽ በላይ ነው። ካሜራው ጥቂት ብርሃን ባለበት ሌሊት ባለ ቀለም ምስል መስጠት የቻለው ሜጋፒክስል ሳይጨምር ነው።

በአንዳንድ ማሸጊያዎች ላይ 0.001 ሉክስ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከዋክብት የሚገኘውን ብርሃን ያህል ነው። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ ካልተገለጸ ብዙም ትርጉም የለውም። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው በሰከንድ 1/12ኛ ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም የፊቱን ስፋት ሊያህል ጥቂት የቀረው ነው። በመሆኑም ግድግዳውና የቆመው መኪና ጥርት ብለው ሲታዩ ሰውየው እንደ ጭስ ተጎትቶ ያልፋል። በማስታወቂያ ምስሎች ላይ የቆመ መኪና እንጂ የሚራመድ ሰው እምብዛም አለመታየቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ብርሃን ጨርሶ በማይኖርበት ጊዜ አብዛኞቹ ካሜራዎች የራሳቸውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃሉ፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ይሆናል። የ850 ናኖ ሜትር አምፖሎች በጨለማ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነው ይታያሉ። የ940ዎቹ በዓይን አይታዩም፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ለእነርሱ ያለው ስሜት ስለሚያንስ የሚያሳዩት ርቀት አጭር ነው። በሁለቱም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በቅርብ ያለ የቆርቆሮ አጥር ወይም ነጭ ግድግዳ ጨረሩን መልሶ ካሜራውን ሊያሳውር ይችላል፤ በሌንሱ ላይ ያደራ የሸረሪት ድርም እንዲሁ። ከዚህም በላይ ጥቁር ልብስ በኢንፍራሬድ ነጣ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ በምስሉ ላይ ተመሥርቶ የአንድን ሰው ልብስ ቀለም መናገር አደገኛ ነው።

ለአነስተኛ ግቢ ከሁሉ የሚረክሰው ማሻሻያ በር ላይ የሚበራ አንድ አምፖል ነው። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ከአምፖሉ ጋር፣ ያለ መብራት ከተተወው ባለ 8 ሜጋፒክስል የተሻለ ፊት ይለያል ብሎ መገመት ማጋነን አይሆንም።

ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሻጩ መብራቱን አጥፍቶ፣ አንድ ሰው በ5 ሜትር ርቀት በተለመደ እርምጃ እንዲያልፍ ማስደረግ ይችላል። መታየት ያለበት ቀጥታ የሚተላለፈው ሳይሆን የተቀዳው ምስል ሲሆን፣ እርሱም ሰውየው በሚራመድበት ቅጽበት ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው።