ከመሪው በፊት መቆሚያው

ቤቱ ውስጥ የበረራ ሲሙሌተር ኮክፒት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን፣ ኮምፒውተርና መሪ ላይ ነው። መሪው የሚታሰርበት እንጨትና ብረት መጨረሻ ላይ ይታሰባል፤ አንዳንዴም ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በሞርሳ ተጠፍሮ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስቲክ (የዘንግ መሪ) በማይነቃነቅ መቆሚያ ላይ ሲታሰር፣ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ውድ ስቲክ ይልቅ አስተካክሎ ለማብረር ያመቻል። ኮምፒውተሩ የእጅን እንቅስቃሴ አያይም፤ የሚያነበው በስቲኩና በመሠረቱ መካከል ያለውን ማዕዘን ብቻ ነው። መሠረቱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ እጅ የሄደበት መንገድ ከፊሉ ባክኖ ይቀራል። ነገሩ አዲስ አይደለም፦ አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ወናፎች እየተነፋ የሚንቀሳቀስ የበረራ ማሠልጠኛ ሲሠራ፣ ማሠልጠኛው ስክሪን የሚባል ነገር አልነበረውም። ወንበሩ፣ ስቲኩና ፔዳሎቹ ግን በአንድ አካል ላይ የተያያዙ ነበሩ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1934 ስድስት ማሠልጠኛዎችን ገዛ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እጅግ ብዙ አብራሪዎች በመሣሪያ ብቻ ማብረርን የተማሩት በዚሁ ተሸፍኖ ውጭውን በማያሳይ ሣጥን ውስጥ ነው።

“መሪው ውድ ከሆነ መቆሚያው ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። ስሌቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ለእጅ ግፊት በሞተር ምላሽ የሚሰጥ አንድ ስቲክ 10 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው እንበል። እጅ ከመዞሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከያዘው 50 ኒውተን፣ ማለትም 5 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ከሥር ያሉት ብሎኖች በ10 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ ግን በአንዱ በኩል ያሉት 10 ኪሎ ገደማ ይሳባሉ፤ እጅ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ደግሞ ተራው ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። በስቲኩ ላይ ማራዘሚያ ሲጨመር ለእጅ ይለሰልሳል። ስቲኩ ጥግ ደርሶ ሲቆም ግን ወሳኙ የሞተሩ አቅም መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ጉልበት ይሆናል፤ ረዘም ያለው ዘንግ ያን ጉልበት አባዝቶ ወደ ብሎኖቹ ይልከዋል። በቺፕውድ ላይ የተጠመዘዘ ቪቴ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችለውም፤ ቀዳዳው ይሰፋና ይላላል። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ቱቦላሬ ላይ ተሻግሮ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ የታሰረ ብሎን ግን ይይዛል። ስለዚህ መሪው በበረታ መጠን ደካማው መቆሚያ ይበልጥ ይጋለጣል።

ጠንከር ያለው መቃወሚያ ከሶፍትዌር በኩል የሚመጣው ነው፦ የስቲኩን የምላሽ መጠን መቀነስ፣ መሀሉ ላይ ምላሽ የማይሰጥ ክልል መተው ይቻላል ይባላል። ይህ ለተበላሸ ሴንሰር ይረዳል፤ ለሚጎብጥ ጠረጴዛ ግን አይረዳም። ብዙ ስቲኮች ከመሀል ለመነሣት ትንሽ የመነሻ ኃይል ይፈልጋሉ። መቆሚያው ልል ሲሆን ያ ኃይል እስኪሞላ ድረስ የሚጎብጠው ጠረጴዛው ነው። ስቲኩ በድንገት ሲለቅ የተጠራቀመው ጉብጠት ተመልሶ ስቲኩን ከታሰበው በላይ ያዘልለዋል፤ አብራሪው ወደኋላ ያርማል፣ ያው ነገር በሌላው አቅጣጫ ይደገማል። ሶፍትዌሩ የሚያየው ዝላዩን ብቻ ስለሆነ ጉብጠቱን ከሐሳብ ለይቶ ሊያወጣ አይችልም። ማረፍም ሆነ ሄሊኮፕተርን በአየር ላይ ማቆም የሚጠይቁት እዚችው መሀል ላይ ያለችውን ጥቂት እንቅስቃሴ ነው።

ፔዳል ላይ ጉዳዩ ይብሳል፣ እግር ከእጅ ይበረታልና። ፔዳሉ ሲረገጥ ጎማ ያለው ወንበር ወደኋላ ይሸሻል፤ ወንበሩ ባይሸሽ ፔዳሉ ወደፊት ይንሸራተታል። መፍትሔው ከባድ ዕቃ መጫን አይደለም፤ ወንበሩንና ፔዳሉን በአንድ ፍሬም ማያያዝ ነው፣ ያኔ ግፊቱ እዚያው ፍሬሙ ውስጥ ተጠፋፍቶ ይቀራል። ቦታ የሌለው ሰው ጎማውን አንሥቶ ወንበሩንና ፔዳሉን በጠንካራ ቀበቶ ቢያስተሳስር አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል። የመቆሚያውን ቁመና የሚወስነው ደግሞ የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። ከቦሌ የሚነሡትን እንኳ ብናይ፣ የቦይንግ 737 መሪ ከወለል ተነሥቶ በጉልበቶች መካከል ይቆማል፤ በኤርባስ ኤ350 ላይ የካፒቴኑ ስቲክ በግራ እጁ በኩል ነው፣ ክንዱም መደገፊያ ላይ ያርፋል። እንደ ኋለኛው ለሚሠራ ሰው ክንድ መደገፊያው የመሪው አካል ነው ማለት ይቻላል። የሴስና 172 መሪ ግን ከዳሽቦርዱ ስለሚወጣ ጠረጴዛ ላይ ማሰሩ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ለጨዋታ ይህ ሁሉ አይበዛም ወይ? አውሮፕላኑን ለአውቶፓይለት ሰጥቶ አገር ለሚጎበኝ ይበዛል፣ ሞርሳው ይበቃዋል። በእጁ ማሳረፍ ለሚፈልግ ግን አይበዛም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለሙያ ሲሙሌተሮች ባወጣው ደንብ፣ መሪና ፔዳል በየደረሱበት ቦታ የሚጠይቁት ኃይል ተለክቶ ከእውነተኛው አውሮፕላን ጋር እንዲነጻጸር ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ለቤት ሠሪ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ የመሪውና የፔዳሉ ቁመትና ርቀት በወረቀት ላይ አይገኝም፣ ተቀምጦ ብዙ ሰዓት ከበረሩ በኋላ ነው የሚታወቀው። በያጅ ዘንድ ከመሄድ በፊት በኮምፔንሳቶ ሠርቶ መሞከር፣ ወይም ቦይ ባለው አሉሚኒየም ላይ ብሎኑን እያላሉ ማንሸራተት ርካሽ ነው፤ የተበየደን ብረት ቆርጦ እንደገና መበየድ ግን ውድ ነው።