ማሊያው ከመላኩ በፊት፦ ለልጅቷ ጊዜ ማን ይስጣት?

እዚህ ሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ ሰሞን ለእግር ኳስ እንሰባሰባለን። በዚያ መሀል «አገር ቤት ላሉ ችግረኛ ልጆች ኳስና ማሊያ እንላክ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ዕቃው ሲደርስ ሜዳ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ናቸው። ሴቶቹስ የት ሄዱ?

መልሱን ከጎረቤታችን ከኬንያ እንይ። በናይሮቢ፣ ማታሬ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ቦብ መንሮ የተባለ ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአካባቢው ወጣቶች ጋር የስፖርት ማኅበር አቋቋመ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ሰፈሩን ያጸዳ ቡድን በሊጉ ነጥብ ይያዝለታል። የሴቶች እግር ኳስ የተጀመረው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው።

ለሴቶቹ ኳስ ማቅረብ ብቻውን አልበቃም። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። እናቷ «እሷ ስትጫወት እኔን ማን ያግዘኛል?» ብትል አይፈረድባትም። ልጄ መንገድ ላይ ይመሽባታል የሚል ስጋትም አለ። ስለዚህ ወላጆችን ቀርቦ ማነጋገር፣ ጨዋታውንም ሳይጨልም መጨረስ የግድ ሆነ።

እኔ የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ ነው፤ ስለ ሥልጣን ብዙ አንብቤያለሁ። ለድሃ ቤት ልጅ የመጀመሪያው ሥልጣን «በሳምንት እነዚህ ሁለት ሰዓቶች የእኔ ናቸው» ማለት መቻል ይመስለኛል።

የቡድን ስፖርት ለምን ይመረጣል? ብቻዋን የምትሮጥ ልጅ ብትቀር ላይታወቅ ይችላል። ከአሥራ አንዱ አንዷ ስትጎድል ግን ወዲያው ይታያል። ጓደኞቿ በር አንኳኩተው «ምን ሆነች?» ይላሉ። ትምህርት ካቋረጠች ወይም ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ከሆነ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። በአገራችን ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ሕጉ ግን የሚያስታውሰው ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጃገረዶቹ የሚጫወቱት በስንት ሰዓት ነው? እናቶቻቸውን ያነጋገረ አለ? ከአሠልጣኞቹና ከኮሚቴው መካከል ሴት አለች? መልስ ካላገኛችሁ ማሊያው ይቆይ፤ መጀመሪያ ለአንዲት ሴት አሠልጣኝ የወር ደመወዝ አዋጡ።

ሰላም ሁኑ።